የሮላንድ ቃታ

ጃንዋሪ 7፣ ማክሰኞ

የበረዶው ወራት ውድድር ዛሬ ማታ ተጀመረ፤ እኔም ተዋርጄ ገባሁ። አሮጌው ሽጉጤ አበቃለት። ቃታውን ስስበው ቀጭ ይላል፣ ጥይቷ ግን አትነሳም። የእኛ ትንሿ ጥይት እሳቷ ያለው ጠርዟ ላይ ነው፤ የሽጉጡ መርፌ ጠርዟን አጥብቆ ካልመታት ዝም ነው የምትልህ። የእኔ መርፌ ደግሞ ተበልቶ አልቋል። እጄን አነሳሁ፣ የተኩስ አዛዣችን ኦርቪል መጣ፣ አየና «ከሽፋለች፤ በአዲስ ወረቀት ድገም» አለ። ደገምኩ። እንደገና ቀጭ፤ ማታውን ሙሉ ቀጭ። «ላይል፣ ይህን ነገር ለመረብህ ክብደት አድርገውና ሐይቅ ውስጥ ጣለው» አለኝ በሰው ፊት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ሕጉ መቼም ጥሩ ሕግ ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ወይም የጥይቱ ከሆነ የማትተኩስበትን እጅህን ታነሳለህ፣ ያበላሸኸው ወረቀት ይነሳልህና እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ጥፋቱ የራስህ ከሆነ ግን ዋጥ አድርገህ ትቀመጣለህ። የሚፈትሽህ የለም ማለት ይቻላል። ክበባችን ከተቋቋመ ጀምሮ ሰው እጁን አነሳ ማለት አነሳ ማለት ነው።

የከሸፉትን ጥይቶች በሩ አጠገብ ያለው ቀይ ጣሳ ውስጥ መጣል ነበረብኝ። ረስቼ በጃኬቴ ኪስ ይዣቸው መጣሁ።

ስንወጣ ማርሊስ እጅጌዬን ያዘችኝ። አጠገቤ ነው የምትተኩሰው፤ ቦታው ባሏ ሮላንድ እስኪሞት ድረስ የእሱ ነበር። «የሮላንድን ሽጉጥ ውሰድና ውድድሩ እስኪያልቅ ሞክረው» አለችኝ። «ከተስማማህ ያንተ ይሁን። ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ለማያውቁት ሰው ከምሸጠው እዚሁ እኛ ቡድን ውስጥ ቢቀር ይሻላል።»

ላስብበት አልኳት።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ከተማ ወርጄ ጠመንጃ ሱቁ ውስጥ ያለውን አዲሱን ሽጉጥ አየሁት። ሙሉ ብረት ነው፤ አፈሙዙ ረጅም፣ ክብደቱ ልክ። ከባድ ሽጉጥ እጅን ያረጋጋል። ማነጣጠሪያውም ለእኔ ዓይን ይመቻል፤ ወፍራምና ጥቁር ነው። የሮላንድ ደግሞ ቀላል ነው፤ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ክንድ አያደክምም። ቃታውን ደግሞ አውቀዋለሁ። በመጨረሻው በሽታው ጊዜ ምድር ቤት ወዳለው የሥራ ክፍሉ መውረድ ሲያቅተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ቃታውን የሚይዘውን ትንሿን ብረት በቀጭን ሞረድ ሲያሻት ነው የከረመው። ማርሊስ ከሾርባው ውስጥ የብረት ብናኝ ትለቅም ነበር።

ከባዱ ወይስ ቀላሉ? ቨርናን ጠየቅኳት። «ሁለቱም ይተኩሳሉ አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የሚመረጠው?» ሚስት አግብተህ ምክር ጠይቅ!

ሻጩ «ክንድህን ዘርጋና ግድግዳው ላይ ያለው የአጋዘን ራስ ላይ አነጣጥር» አለኝ። አነጣጠርኩ። አፈሙዙ ከአንዱ ቀንድ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይመለሳል። «እጅህን ብርድ ይዞታል» አለኝ በትሕትና። አዎ አልኩት። የሱቁ ምድጃ ይንቦገቦግ ነበር።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

የሮላንድን ይዤ ገባሁ። አይ ቃታ! መሳብ አይባልም፤ አስበኸው ሳትጨርስ ተኩሷል። በቀስታው ተኩስ ጥሩ ነበርኩ፤ ማርሊስ ወረቀቴን ስትቆጥር «ሮላንድ የተመለሰ መሰለኝ» አለች። እኛ ጋ የራስህን ወረቀት አንተ አትቆጥርም፤ ጎረቤትህ ነው የሚቆጥርልህ።

የፈጣኑ ላይ ግን ተበላሸ። አምስት ጥይት በአንድ ትንፋሽ መተኮስ አለብህ። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቱ ዳር ሄዱ። ከዚያ ቀጭ አለ። እጄን አነሳሁ። ኦርቪል ጥይቷን አወጣ፣ የመርፌውን ምልክት አየባት፣ «ድገም» አለ። ስደግም ረጋ ብዬ ነበር። ቡድናችን ለጥቂት አሸነፈ። ጀርባዬን መቱኝ፣ ቢራ ቀዱልኝ።

ከሸፈች ያልኳት ጥይት ምናልባት ከአሮጌው ሽጉጥ የተረፈች ሳትሆን አትቀርም። ኪሴ ውስጥ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅላ ይሆናል። በጥድፊያ ስትሞላ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል።

ጃንዋሪ 16

ቨርና ቡና ስትቀዳልኝ ግማሽ ኩባያ ብቻ። ምን ነካሽ፣ ቡና ተወደደ እንዴ ብላት «ሲያንስህ ትደግማለህ» አለች። ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ነው የሚናቀው። ሰሃኑ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ተንጫጫ።

ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬም ቀጭ አለ። የፈጣኑ ላይ። ደገምኩ። ደህና ሆነ።

ክላይድ ከኋላ «የሮላንድ ሽጉጥ መክሸፍ አበዛ እኮ» ሲል ሰማሁት። ክላይድ ትከሻው ከታመመ ወዲህ የሾርባው ምድብ ውስጥ ነው። የሾርባው ምድብ የምንለው እኛ ጨርሰን ሾርባው ሲሞቅ ለጨዋታ የሚተኩሱትን ነው። ቁጥራቸው የትም አይመዘገብም፤ ሽጉጡን በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። አምና ወደዚያ ሲሄድ «በሁለት እጅ የሚያዝ ጡጦ ነው» ብዬው ነበር። ቤቱ በሳቅ አወካ። እሱም ሳቀ፤ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ከባዱ ይሻለኝ ይሆን? ከባዱን ብገዛ ግን አዲስ ነው። አዲስ መሣሪያ አይከሽፍም።

ጃንዋሪ 28፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው የዛሬው። የፈጣኑ ተኩስ ላይ አራቱ ጥይቶች እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ሄዱ። አምስተኛዋ ቀጭ እንድትል ስጠብቃት ጓ! አለች። ተኮሰች! ግራ እጄ እኮ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። ጆሮዬን እንዳከኩ አስመሰልኩ። ወረቀቱ ሲመጣ አንዲት ቀዳዳ ብቻ መሐል አሥሩ ላይ ተቀምጣለች፤ የሞተችዋ ጥይት መሆን አለባት። ሕያዋኑ ሁሉ ስተው የሞተችዋ መታች።

ማርሊስ «አንዷ ግሩም ናት!» አለች። ሌሎቹንም ቆጠረች። ተሸነፍን።

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው «እንድትል ስጠብቃት» የሚል አለበት። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።

ጃንዋሪ 31፣ ዓርብ

እንደ ዓርብ ልማዳችን ዓሣ ጥብስ ልንበላ ክበቡ ሄድን። ቨርና ከማርሊስ ጋር ድንች ሰላጣ ልታነሳ ሄዳ እኔ ከኦርቪልና ከክላይድ ጋር ቀረሁ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለ ክላይድ፣ «ሮላንድ ሞረዱን አብዝቶበታል። በሽተኛ ሰው ምን ሊያይ ይችላል? መርፌውም አልደረሰ ይሆናል። ጥሩ ሽጉጥ ነበር፣ አበላሸው።»

«ሮላንድ?» አለ ኦርቪል። «ሮላንድ የሰዓት ሆድ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው።»

«ታዲያ ለምን ይከሽፋል? ላይል፣ አንተ ንገረው።»

ሁለቱም አዩኝ። አፌ ውስጥ ዓሣ ነበር። እሱን ሳላምጥ ቆየሁና «ምን አውቃለሁ፣ እንግዲህ… አንዳንዴ ይከሽፋል» አልኩ። ቀና ስል ማርሊስ ሰሃን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ሰሃኑን አስቀመጠች፣ «ሎሚ ረስቻለሁ» ብላ ሄደች፣ ከዚያም አልተመለሰችም።

ቨርና መኪና ውስጥ «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። ዛሬ ማታ ስንት ጊዜ ነው ምን አውቃለሁ ያልኩት!

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

ቨርና ተኝታለች። እንቅልፍ ስለሌለኝ ልጻፈው።

የመጀመሪያዋ ጥይት በስህተት ነው የገባችው እላለሁ። እውነት ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም። ሁለተኛዋ ግን በስህተት አልገባችም። ሦስተኛዋም። ከአሮጌው ሽጉጤ የከሸፉትን ጥይቶች ጣሳው ውስጥ ሳልጥል ያመጣኋቸው ረስቼ ነው ብያለሁ፤ ሰው ለራሱ ማስታወሻም ይዋሻል ለካ። የፈጣኑ ተኩስ ሲደርስ ደህናዎቹ ቀድመው እንዲተኮሱ ካዝናው ውስጥ ከላይ፣ የሞተችዋን ከሥር አደርጋታለሁ። እጄ አበላሽቶ ሲጨርስ ቀጭ ይልልኛል፣ እጄን አነሳለሁ፣ የተበላሸው ወረቀት ይነሳል። ሁለተኛ ጊዜ ስተኩስ መጀመሪያ የነበረው ድንጋጤ ያልፍልኛል። ለዚያች ለአንድ ዕድል ነው ሁሉም።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ይኸው ጻፍኩት። ብርዱ አይደለም፣ ቡናው አይደለም፣ እጀታው አይደለም። ከበልግ ጀምሮ ነው። ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ለመክተት በሌላ እጄ እይዘዋለሁ። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ከባዱ ይሻላል ቀላሉ ይሻላል ስል የከረምኩት ሁሉ፣ ለእኔ የሚሆን ሽጉጥ የለም እንዳልል ነው።

ይህ እንኳ የራሴ ጉዳይ ነው ይባል። ግን ሮላንድ! የወፍጮ ቤት ማሽን ያህል ትዕግሥት የነበረው ሰው። ወረቀት ፋብሪካ አብረን ሠራን፤ እኔ ስናደድ እሱ ነበር የሚያበርደኝ። አሁን በእሱ ስም «አበላሸው» ይባላል፣ የሚያስብለውም እኔ ነኝ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ የመጀመሪያውን ምሳር የጣልኩት እኔ፣ ሌላው ሰው ከኋላዬ ነው የተሰለፈው።

አፈርኩ። ማክሰኞ አይደገምም።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ተደገመ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ጥይቷን ቤት ትቻት ልሄድ ነበር። «ለማንኛውም» ብዬ ያዝኳት። ቦታዬ ላይ ቆሜ ከጎናችን ያሉት ቡድኖች ሲተያዩ አየሁ። ክላይድ ከኋላ ወንበር ላይ ቡና ይጠጣ ነበር፤ አየኝና ፈገግ አለ። ደህና ፈገግታ ይሆናል። እኔ ግን ጡጦ የምትለዋ ቃል ታየችኝ። ካዝናውን ሞላሁ።

ቀጭ። እጄን አነሳሁ። ኦርቪል መጣ። ጥይቷን ወስዶ መብራቱ ሥር ያዛት። ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ከዚህ በፊት መነጽር አውጥቶ አያውቅም ነበር። ቆየ። ጥይቷን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አዟዟራት።

«ይህቺ ሁለት ጊዜ ነው የተመታችው» አለ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ። «አንደኛው ክብ ነው፤ የሮላንድ መርፌ ነው። ሌላው ደግሞ የቢላ ጫፍ ይመስላል።»

የቢላ ጫፍ የሚመስለው የአሮጌው ሽጉጤ መርፌ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ስንት ዓመት ቀለሄን ከወለሉ የጠረገው ደግሞ ኦርቪል ነው። እኔ ጅሉ ደግሞ አንድም ቀን አላሰብኩትም፤ ሁለቱ ሽጉጦች የተለያየ ፊርማ እንዳላቸው ረስቼ በአንዱ የከሸፈውን በሌላው አመካኘሁ!

«ተቀላቅላ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለ። ጥይቷን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት እንጂ ጣሳው ውስጥ አልጣላትም። ከዚያ ጮክ ብሎ «ድገም!» አለ።

ደገምኩ። ምን እንደመታሁ አላየሁም።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ማርሊስ ደወለች። ድምጿ የተኛች ሰው ድምፅ ነው። «ላይል፣ የሮላንድን ሽጉጥ ነገ መጥቼ ልውሰደው። ቅዳሜ ጄሮም ጋ አደርሰዋለሁ» አለች። ጄሮም መሣሪያ ጠጋኝ ነው። «የሮላንድን ሥራ አውጥቶ የፋብሪካውን ዕቃ እንዲያስገባበት እነግረዋለሁ። የፋብሪካው አይከሽፍም አይደል?»

እዚያ ላይ ነበር መናገር። ስልኩን ይዤ ነበር፣ ቨርና የለችም፣ ማንም አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው።

«ሮላንድ እኮ ጥሩ አድርጎ የሠራው መስሎት ነበር» አለች። «እኔም መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ጊዜው ዓይኑ ደክሞ ከሆነ እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ እያልኩ ነው። ሲያሳየኝ ግሩም ነው ግሩም ነው እያልኩ።» አለቀሰች። ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ቆማ የሰውን እጅ ስትጨብጥ ነበር።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኳት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ፌብሩዋሪ 7

መጣች። ሰጠኋት። ቨርና ኬክ ቆረሰችላት። እኔ በረዶ ልዝቅ ብዬ ወጣሁ። የተዛቀውን መልሼ ዛቅኩ።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

የጄሮም ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ደርሼ ልከለክል ተነሳሁ። መኪናዬ ሐይቁ ጋ ስትደርስ ታጠፈች። በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ያለችው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዬ ውስጥ እስከ ማታ ተቀመጥኩ። መንጠቆው ላይ ትል ማድረግ አቃተኝ፤ ጣቴን ወጋሁት። ዓሣ ሳልይዝ ገባሁ።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ማርሊስ ሽጉጡን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ቦታዬ ላይ አኖረችልኝ። «አሁን አያሳፍርህም» አለችኝ።

አያሳፍርህም!

ቃታውን ሳብኩት። አሸዋ ውስጥ የሚጎተት ሳንቃ ነው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይንገጫገጫል፣ መቼ እንደሚለቅ አታውቅም። ያ እስትንፋስ የሚበቃው ነገር ጠፍቷል። ሮላንድ እጄ ላይ ሁለተኛ ሞተ። የሞተች ጥይት አልያዝኩም ነበር። የመጣውን ያህል መጥፎ ተኮስኩ፤ ተሸነፍን። ሰዎቹ «አይዞህ፣ ቃታውን እስክትለምደው ነው» አሉኝ። ለቃታው አዘኑልኝ።

ኦርቪል በአጠገቤ ሲያልፍ የሸሚዙን ኪስ መታ መታ አደረገ።

ፌብሩዋሪ 13

ጄሮም ጋ ሄድኩ። የፋብሪካውን ዕቃ መልሰህ አውጣው፣ የሮላንድን አስገባው ልለው ነበር። «የወጣችው ብረት እኔ ጋ የለችም፤ ለባለቤቷ ሰጠኋት። አሮጌ ዕቃ ለባለቤት ይመለሳል» አለኝ። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠና «አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። «ከማውጣቴ በፊት በማጉሊያ አይቻታለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ አልሠራም። ችግር አላየሁባትም፤ መርፌውም ደህና ነው። አይከሽፍም አልኳት። እሷ ግን ላይል ራሱ ይከሽፋል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ላይል ደግሞ የሮላንድ ጓደኛ ነው አለችኝ። እኔ ምን ልበል?»

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

ለቨርና ነገርኳት። ሁሉንም። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

«እጅህን አውቃለሁ» አለች። «ከገና ወዲህ ኩባያህን በግማሽ የምሞላልህ ለምን መሰለህ? እስክትነግረኝ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት፣ አንተ ግትር።» ከዚያ ስለ ጥይቶቹ ያልኳት ገና ደረሳት መሰለኝ ፊቷ ተለወጠ። «ማርሊስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኬክ ስትበላ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በረዶ ልትዝቅ ወጣህ።»

«ወጣሁ።»

ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ኮቴን አመጣችልኝ። «ሂድ። ዛሬ ሂድ። እኔ አብሬህ አልሄድም።»

ሄድኩ። ማርሊስ በሩ ላይ ሆና ነው የሰማችኝ፤ ግባም አላለችኝ። ቅዝቃዜው ወደ ቤቷ ይገባ ነበር፣ አልዘጋችውም። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ ሮላንድ ደህና አድርጎ ነበር የሠራው?»

«ከሁላችንም የተሻለ» አልኳት።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረኝ። እኔማ ድሮም ያገባሁትን አውቃለሁ። ባሌን ሰው ፊት ነው ያዋረድከው፤ ማክሰኞ ሰው ፊት ትመልስልኛለህ። እጅ ማንሳት ታውቅ የለም? እዚያው ቦታህ ላይ ቆመህ አንሳ።»

በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 17

አስነጠሰኝ። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም፣ ነገ አልሄድም ብዬ ለቨርና ነገርኳት። «ጉንፋኑን ይዘኸው ትሄዳለህ» አለች።

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ኦርቪል «ካዝና ሙሉ» ከማለቱ በፊት እጄን አነሳሁ።

«ገና ሳትተኩስ ከሸፈብህ?» አለ አንዱ። ተሳቀ።

እጄ አየር ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ግራ እጄ ነው፤ እሱም ጀምሮታል ለካ። ሁሉም አዩት። ላወርደው ፈለግኩ፣ ማርሊስ አጠገቤ ቆማ ወደፊት ወደ ኢላማው ታያለች፤ አላወረድኩትም።

«የሮላንድ ሽጉጥ አንድም ቀን አልከሸፈም» አልኩ። «የከሸፉት ጥይቶች የእኔ ናቸው። ከአሮጌው ሽጉጤ ያጠራቀምኳቸው ናቸው። እያወቅሁ ነው የከተትኳቸው። እጄ ታሟል፤ ያንን ለመደበቅ ነው። ሮላንድ ምንም አላበላሸም።»

ከዚያ ኦርቪል ያቺን ጥይት ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሄደና ቀዩ ጣሳ ውስጥ ጣላት። ቀጭ ብላ ስትወድቅ ሁሉም ሰማ። «ያሸነፋችሁባቸው ማታዎች ይሰረዛሉ» አለ። የቡድኔ ሰዎች ናቸው የተሰረዘባቸው፤ አንዳቸውም አላዩኝም። ክላይድ ብቻ ነው ያየኝ። የሚስቅ መስሎኝ ጠበቅኩት። አልሳቀም፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። «ሙት ወቃሽ ሆንኩ እኮ» አለ ለራሱ።

ሽጉጡን ማርሊስ ፊት አስቀምጬ ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 25፣ ማክሰኞ

ቤት ዋልኩ። ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ። በዚህ ሰዓት የቀስታውን ጨርሰው የፈጣኑን ይጀምራሉ። ቨርና ካርታ እንጫወት አለች። ካርታው ከእጄ ሲወድቅ እያነሳች ሰጠችኝ፤ ምን እንደያዝኩ እያየች ነው የምትጫወተው፣ ሌባ።

ማርች 5

ስሙን ነገረኝ ሐኪሙ። ክኒን ሰጠኝ። አይገድልም፣ አይለቅምም አለ። ስመለስ መንገድ ላይ የጠመንጃ ሱቁ መስኮት ላይ ያንን ከባዱን አየሁት። ቆሜ አላየሁትም።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ኦርቪል ደወለ። «ሾርባው አተር ነው። ና» ብሎ ዘጋው።

ሄድኩ፤ ቨርና ነዳች። የቡድኔ ሰዎች ጨርሰው ዕቃቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ አንዱ አላየኝም። መብቱ ነው። ከኋላ ወንበር ልቀመጥ ስል ማርሊስ መጣች። የሮላንድን ሳጥን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰደው» አለች።

«ማርሊስ፣ ይህ አይሆንም። ሽጪው። ለደህና ሰው ስጪው።»

«ለደህና ሰው እንዲህ ያለ ቃታ ይሰጣል? ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አንተው ተኩስበት።»

ልትዘጋው ከያዘችው ቦርሳ ውስጥ የሮላንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ታየኝ። ክኒን የለበትም። ውስጡ ሮላንድ የሞረዳት፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት አለች፤ ቦርሳው ሲነቃነቅ ትንሽ ጮኸች።

«እሷን…» አልኩ።

«እሷ እኔ ጋ ትቆያለች» አለች። ቦርሳውን ዘጋችው። አልተቆጣችም። ሄዳ ከቨርና ጋር ዳቦ መቁረስ ጀመረች።

የሾርባው ምድብ ተጠራ። ከክላይድ ጎን ነው ያቆሙኝ። ሽጉጡን በቀኝ እጄ አነሳሁት፣ አፈሙዙ ዞረ። ግራ እጄን ልጨምር አልጨምር ስል ክላይድ ወደፊት እያየ «ጡጦህን ያዝ እንጂ» አለኝ። በሁለት እጅ ያዝኩት። ትንሽ ረጋ።

ቃታውን ሳብኩት። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይንገጫገጫል። ሮላንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ተቀምጦ ያለሰለሰው መንገድ ላይ አሁን ጣቴ በእያንዳንዱ ጥይት ድንጋይ ያገኛል፤ እያንዳንዱን ድንጋይ የጣልኩት እኔ መሆኔን ጣቴ ያውቃል። ወረቀቴን ክላይድ ቆጠረልኝ። የሚያኮራ ነገር የለውም። ሌላ ካዝና ሞላሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ ኦርቪል መብራቱን እስኪያጠፋ ድረስ።

አንዲት ጥይት እንኳ አልከሸፈችም።